መኪናና ብስክሌት የሚገናኙባቸው ቦታዎች



በዱባይ ከተማ በአል ባርሻ ሰፈር ሁለት ዓይነት ፍጥነት ጎን ለጎን ይኖራል። በአንድ ወገን ሼክ ዛይድ ጎዳና፣ በሌላው ወገን አል ኸይል ጎዳና ያልፋል፤ ሁለቱም ላይ መኪና በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይከንፋል። በመካከላቸው ያለው ሰፈር ደግሞ በቪላ ግቢ፣ በትምህርት ቤት፣ በመስጊድ፣ በሆቴል፣ በካፍቴሪያና ባቃላ በሚባለው የሰፈር ሱቅ የተሞላ ነው። ከሀይዌይ ወጥቶ ከሞል ኦፍ ዘ ኤምሬትስ ጀርባ ወደሚገኘው ሰፈር የሚገባ አሽከርካሪ ከአንዱ ፍጥነት ወደ ሌላው የሚሻገረው በአንድ መታጠፊያና በአንድ የትራፊክ መብራት ነው። ለረጅም ጊዜ በፍጥነት ሲነዳ የቆየ ሰው ወደ 60 ሲወርድ መኪናው የተጎተተ ይመስለዋል። እግሩ ቀንሷል፤ ዓይኑና ስሜቱ ግን ገና ሀይዌይ ላይ ናቸው። ባቃላው ደጃፍ ላይ ብስክሌቱን የሚያስነሳው ልጅ የሚገናኘው ከእንዲህ ዓይነቱ አሽከርካሪ ጋር ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ የሁለቱ መገናኘት ነው። በመኪናና በብስክሌት መካከል የሚደርስ አደጋ እንደ መብረቅ የትም የሚወርድ አይደለም። የሚደጋገምባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ የታወቁም ናቸው። መታጠፊያ፣ መቅደሚያ፣ የቆመ መኪና በርና የግቢ መውጫ። በእነዚህ ቦታዎች ላይ እጅ፣ ዓይንና እግር ምን እንደሚያደርጉ ለይቶ የሚያውቅ አሽከርካሪ የአብዛኛውን አደጋ መንገድ ይዘጋል።

በሰፈሩ ብስክሌት የሚነዳው ማነው? አንደኛው የባቃላው ልጅ ነው። ከኋላ ሰፊ መጫኛ፣ ከፊት ቅርጫት ባለው ከባድ ብስክሌት ውሃ፣ ዳቦና ወተት ከቪላ ቪላ ያደርሳል። ሁለተኛው ከካምፕ ወይም ከጋራ መኖሪያ ወደ ሜትሮ ጣቢያና ወደ ሥራ ቦታ የሚሄደው ሠራተኛ ነው፤ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ አብሳይ። ሦስተኛው ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ገና ሳይነጋ፣ ቀጭን ጎማ ባለው ብስክሌት ወደ አል ቁድራ የብስክሌት ትራክ የሚያመራው ስፖርተኛ ነው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ኤሌክትሪክ ስኩተር በተፈቀደባቸው ሰፈሮች መንገድ ላይ መነዳት ጀምሯል፤ በኋላ ከተጨመሩት አካባቢዎች መካከል አል ባርሻ 3 እና አል ባርሻ ደቡብ 2 ይገኛሉ። (በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢትዮጵያውያን በሁለቱም ወገን አሉ። ጠዋት የአሠሪውን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ የቤት ሹፌር አለ፤ በሞተር ምግብ የሚያደርስ አለ፤ በቦርሳው ዩኒፎርም ይዞ በብስክሌት ወደ ሆቴል ሥራ የሚሄድም አለ። ዛሬ መሪ የያዘው ሰው ትናንት ፔዳል ሲመታ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ልማድም ይለያያል። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ብስክሌት የተማሪም፣ የሠራተኛም፣ የነጋዴም መጓጓዣ ሆኖ አይቶ አድጓል፤ መታጠፊያ ላይ ዓይኑ ሳይታዘዝ ይፈልገዋል። ዳገትና ታክሲ በበዛበት አዲስ አበባ መንዳት የተማረ ሰው ግን ለብዙ ዘመን በስፖኪዮው የፈለገው ሚኒባስና እግረኛ ነበር። አዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም መኪና የማይገባባቸውን ቀናት የጀመረችው በ2018 መጨረሻ ነው፤ የብስክሌት መስመር በየኮሪደሩ መታየት የጀመረውም በቅርብ ዓመታት ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የመንገድ ደኅንነት አጥኚዎች ደጋግመው እንደሚያስረዱት አሽከርካሪ ወደ ብስክሌተኛው ዞሮ እያየ ሳያየው ሊቀር ይችላል፤ አእምሮ ያልጠበቀውን ነገር ዓይን ቢነግረውም ቶሎ አይቀበልምና። ፒተር ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ በ2003 ባሳተመው ጥናት የብዙ አገር ከተሞችን መረጃ አነጻጽሮ፣ ብስክሌተኛ በበዛበት ከተማ እያንዳንዱ ብስክሌተኛ በመኪና የመመታት ዕድሉ እንደሚያንስ አሳይቷል። ሾፌሩ ይለምዳቸዋል፤ ይጠብቃቸዋል።

ሌላም ልማድ አለ፤ ብስክሌትን መኪና ያልደረሰው ሰው ዕቃ አድርጎ ማየት። በመንገድ ላይ ይህ ንቀት በክላክስ ይገለጣል፤ «ጥግህን ያዝ!» ይላል። ብስክሌት ግን ለኢትዮጵያም ባዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ያን ጊዜ የነበረበት ላምፕሬ ሜሪዳ የተባለ ቡድን በዓመቱ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን ስም ይዞ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ቡድን ሆኗል። ዱባይም ከ2020 ጀምሮ በዓመት አንድ ጠዋት ሼክ ዛይድ ጎዳናን ለመኪና ዘግታ ለብስክሌተኞች ትሰጣለች፤ «ዱባይ ራይድ» በሚባለው በዚህ ቀን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይነዳል። በቀሩት ቀናት ግን በሀይዌዩ ላይ ብስክሌት ቦታ የለውም። ደንቡም ይህን ነው የሚለው።

ደንቡ ምን ይላል? የዱባይ ሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤት በ2022 ያወጣው 13ኛ ቁጥር ውሳኔ የብስክሌትንና የስኩተርን ነገር ዘርዝሯል። የፍጥነት ወሰኑ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ ላይ ብስክሌት አይነዳም። ሄልሜትና የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ግዴታ ነው። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት መኖር አለበት። በመኪና አቅጣጫ ተቃራኒ መንዳት፣ ሚዛን የሚያስት ዕቃ መጫን፣ ለሩጫና ለእግረኛ ብቻ በተለየ መስመር መግባት ክልክል ነው። ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ አዋቂ አይነዳም፤ ለኤሌክትሪክ ስኩተር ዕድሜው ቢያንስ 16 መሆን አለበት። ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ከ100 እስከ 300 ድርሃም ይደርሳል። ወሰኑ ዝቅተኛ በሆነው የሰፈር መንገድ ላይ ግን ደንቡን አክብሮ የሚነዳ ብስክሌተኛ በመብቱ ነው ያለው፤ አሽከርካሪ የፈቀደለት እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ቦታዎቹ።

የመጀመሪያው የቀኝ መታጠፊያ ነው። አሽከርካሪው ብስክሌተኛውን ይቀድመዋል፤ ከዚያ ሃያ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በእሱ ግምት ብስክሌተኛው ኋላ ቀርቷል። በእውነት ግን ብስክሌቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው፤ ማለትም በየሴኮንዱ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይጠጋል። መኪናው ለመታጠፍ ፍሬን ሲይዝ ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ደርሷል፤ ስፖኪዮ በማያሳየው ጥግ ላይ ነው። መፍትሔው መቅደሙን መተው ነው። መታጠፊያው ቅርብ ከሆነ ከኋላው መቆየት፣ ፍሬቻ ቀድሞ ማብራት፣ እሱ ካለፈ በኋላ መታጠፍ። የሚጠፋው ጊዜ አራት ወይም አምስት ሴኮንድ ነው።

መታጠፊያው ሌላም ወጥመድ አለው። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር፣ ከውስጥ መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሰው የሚያየው ወደ ግራ ነው፤ መኪና የሚመጣው ከዚያ ነዋ። የባቃላው ልጅ ግን ዙሪያውን ላለመሄድ ብሎ ጥግ ጥጉን በተቃራኒው ከቀኝ ሊመጣ ይችላል። ጥፋቱ የልጁ ነው፤ የሚጎዳውም እሱ ነው። ስለዚህ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ዓይን ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ ማየት አለበት። ልጁን በተቃራኒ የሚያስነዳው ብዙ ጊዜ «ቶሎ አድርስ» የሚለው የሱቁ ጥድፊያ መሆኑን ባለ ሱቁም ደንበኛውም ቢያስቡበት ይጠቅማል።

ሁለተኛው መቅደሚያ ነው። ብስክሌተኛ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስላል እንጂ አስፋልቱ ላይ ያለ ጉድጓድ፣ የአሸዋ ክምር ወይም የውሃ መውረጃ ክዳን ሲያጋጥመው ወደ ግራ ይላል። ትልቅ መኪና አጠገቡ ሲያልፍ የሚፈጥረው ነፋስም ያንገዳግደዋል። ለዚህ ነው ብዙ አገሮች በሕግ የመቅደሚያ ርቀት የወሰኑት። ጀርመን በ2020 በከተማ ውስጥ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር አድርጋለች፤ ፈረንሳይ በከተማ 1 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 1.5 ሜትር ትጠይቃለች። አንድ ሜትር ተኩል በዓይን ሲለካ ከተከፈተ የመኪና በር ይሰፋል። ያን ያህል ቦታ ከሌለ መቅደም የለም፤ በግራ ያለው መስመር እስኪለቀቅ ከኋላ መሄድ ነው። ከኋላው ሆኖ ክላክስ መንፋት ደግሞ ልጁን ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው መሪውን ወዴት እንደሚያዞር አይታወቅም።

ሦስተኛው የቆመ መኪና በር ነው። ይህ በአል ባርሻ 1 የሆቴልና የካፍቴሪያ መንገዶች ላይ የዘወትር ነገር ነው። መኪናው ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ሾፌሩ ስልኩን እያየ በሩን ይከፍታል፤ ብስክሌተኛው በሩ ላይ ይወድቃል፣ ወይም በሩን ሲሸሽ ከኋላ በሚመጣ መኪና ፊት ይገባል። ለዚህ የኔዘርላንድ ሰዎች የሚታወቁበት ቀላል ልማድ አለ። መሪው በግራ ስለሆነ የሾፌሩ በር በግራ ነው፤ በሩን በግራ እጅ በመክፈት ፈንታ በቀኝ እጅ መክፈት። ቀኝ እጅ ወደ ግራ በር ሲዘረጋ ትከሻ ይዞራል፤ ትከሻ ሲዞር ራስ ይከተላል፤ ዓይን ከኋላ የሚመጣውን ያያል። መሪዋ በቀኝ የሆነው ብሪታንያ በ2022 የመንገድ መመሪያዋን ስታሻሽል ይህንኑ ልማድ በራሷ አቅጣጫ አስገብታለች። የታክሲ ተሳፋሪም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ከኋላ ወንበር የሚወርድ ሰው በግራ ከመክፈት በእግረኛ መንገድ በኩል ቢወርድ ይሻላል። በዚያ በኩልም ስኩተር ሊመጣ ስለሚችል ማየት አይቀርም።

አራተኛው የግቢና የፓርኪንግ መውጫ ነው። የቪላ አጥር ረጅም ነው፤ መኪናው አፍንጫውን እስኪያወጣ ሾፌሩ ምንም አያይም። ወደ ኋላ እየሄደ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ካሜራ ቢኖረውም በጎን ፈጥኖ የሚመጣን ሕፃን ብስክሌተኛ የሚያሳየው ዘግይቶ ነው። በአል ባርሻ ፖንድ ፓርክ አካባቢ፣ ምሽት ላይ፣ ልጆች በብስክሌትና በስኩተር ወደ መናፈሻው ይጎርፋሉ። እዚያ አካባቢ መኪናን ከግቢ በአፍንጫው እንዲወጣ አድርጎ ማቆም፣ መውጫው ላይ ሙሉ በሙሉ መቆም፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መሳብ የቤት ሹፌር ሁሉ ልማድ ሊሆን ይገባል።

አራቱንም ቦታዎች የሚያከፋው አንድ ነገር አለ፤ ስልክ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ለሦስት ሴኮንድ መልእክት ያነበበ ሹፌር 33 ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ ነዳ ማለት ነው፤ በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ለአምስት ሴኮንድ ካነበበ ደግሞ 111 ሜትር። የፍጥነትን ጉዳት ብዙ ሰው የሚገምተው አሳንሶ ነው። ከ40 ወደ 60 ሲጨምር ፍጥነቱ በግማሽ ያደገ ይመስላል፤ የመምታት ኃይሉ ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ኃይል የሚያድገው በፍጥነት ስኩዌር ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በአንድ በመቶ ሲጨምር የሞት አደጋ ዕድል በአራት በመቶ ያድጋል። ይኸው ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከዚህም ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ነው።

ሕጉም ስልክን አይታገሥም። በአገሪቱ እየነዱ ስልክ መያዝ 800 ድርሃምና አራት ጥቁር ነጥብ ያስከትላል፤ ከፊት ያለውን ተጠግቶ መንዳት 400 ድርሃምና አራት ነጥብ፣ ድንገት መስመር ሰብሮ መግባት 1,000 ድርሃምና አራት ነጥብ፣ ዜብራ ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት 500 ድርሃምና ስድስት ነጥብ ነው። ነጥቡ 24 ሲሞላ መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። ዱባይ ከጥቅምት 2024 ወዲህ በስልክ፣ በመጠጋትና ድንገት በመግባት ጥፋት መኪናውንም ለ30 ቀን ልትይዝ ትችላለች። የአጅማን ኤምሬትም በዚያው ወር መጀመሪያ ስልክና ቀበቶን የሚለዩ ካሜራዎች ሥራ አስጀምራለች። በመንጃ ፈቃዱ ለሚኖር የቤት ሹፌር ወይም የታክሲ ነጂ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የዕለቱ ሰዓትም መታሰብ አለበት። በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ሁሉም ወደ ቤቱ የሚጣደፍበት፣ የጾመውም የደከመበት ነው፤ ለዚህ ነው በየመብራቱ ቴምርና ውሃ የያዙ በጎ ፈቃደኞች የሚታዩት፣ ሰው ለማፍጠር ብሎ እንዳይከንፍ። ያኔ ምግብ የሚያደርሰው ሞተረኛና ብስክሌተኛ ሥራው የሚበዛበትም ሰዓት ነው። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ማለዳ ጉም አለ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ነጂውን ያዝላል፤ ዱባይ ለዴሊቨሪ ነጂዎች አየር ማቀዝቀዣ ያላቸው 40 ማረፊያዎችን የሠራችው ለዚህ ነው።

ስለ ሞተር አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ደንቡ ተቀይሯልና። ከኅዳር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በዱባይ የዴሊቨሪ ሞተሮች ፈጣኑን መስመር እንዳይጠቀሙ ተከልክለዋል። አምስትና ከዚያ በላይ መስመር ባለው መንገድ ሁለቱ የግራ መስመሮች፣ ሦስት ወይም አራት መስመር ባለው አንዱ የግራ መስመር አይፈቀድላቸውም። የመጀመሪያው ጥፋት 500፣ ሁለተኛው 700 ድርሃም ነው፤ ሦስተኛው ፈቃድ ያሳግዳል። የሻርጃ ኤምሬትም በዚያው ቀን ለሞተር፣ ለአውቶቡስና ለከባድ መኪና መስመር ለይታለች። የዚህ ውጤት ለመኪና ነጂ ግልጽ ነው፤ ሞተሮቹ ወደ ቀኝ ስለመጡ፣ ከሀይዌይ ለመውጣት ወደ ቀኝ የሚያመራ ሰው የቀኝ ስፖኪዮውን ከዱሮው ይልቅ ደጋግሞ ማየት አለበት።

ብስክሌተኛውም የራሱ ድርሻ አለው። ዋናው ነገር የሚታይና የሚገመት መሆን ነው። ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ መብራት ሳይኖረው፣ ማታ ጥግ ጥጉን የሚሄድ ሰው በመኪና መብራት ውስጥ የሚገባው በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው። ከመታጠፉ በፊት በእጁ ምልክት የሚሰጥ፣ ዞር ብሎ የሚያይ፣ ቀጥ ያለ መስመር የሚይዝ፣ ከቆሙ መኪናዎች የአንድ በር ያህል ርቆ የሚሄድ ሰው ለሾፌሩም ሥራውን ያቀልለታል። ዜብራ ላይ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ይሻገራል። ጆሮውን በሙዚቃ የደፈነ ሰው ከኋላው የሚመጣውን አይሰማም።

አሠሪዎችስ? ብስክሌት ለሠራተኛው የሚሰጥ ባለ ሱቅ ሄልሜት፣ ሰደርያና መብራት አብሮ ቢሰጥ ወጪው ከአንድ ቅጣት ብዙም አይርቅም።

መንገዱም እየተለወጠ ነው። የዱባይ መንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን ለሄሳ ጎዳና ያቀደው የብስክሌትና የስኩተር መስመር ርዝመቱ 13.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአል ሱፉህ ተነስቶ በአል ባርሻ በኩል ዱባይ ሂልስ ይደርሳል። ስፋቱ 4.5 ሜትር ሲሆን 2.5 ሜትሩ ለብስክሌትና ለስኩተር፣ 2 ሜትሩ ለእግረኛ ነው። በሼክ ዛይድና በአል ኸይል ጎዳናዎች ላይ የሚያልፉ ሁለት ድልድዮችም የዕቅዱ አካል ናቸው። ከተማዋ እስከ 2030 የብስክሌት መስመሯን 1,000 ኪሎ ሜትር ለማድረስ አቅዳለች። ነገር ግን የተለየ መስመር ሁሉ መጨረሻ አለው፤ ብስክሌተኛው ከድልድዩ ወርዶ ወደ ሱቁ፣ ወደ ቤቱና ወደ ሥራው የሚገባው በሰፈሩ መንገድ ነው። አራቱ ቦታዎች እዚያ ይጠብቁታል።

በመጨረሻ፣ ሁሉም ጥንቃቄ ተደርጎ አደጋ ቢደርስስ? መጀመሪያ መቆም ነው። ከመጋቢት 29 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የፌዴራል ትራፊክ ሕግ ሰው ተጎድቶ እያለ ሸሽቶ የሄደን እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እሥራትና ከ50,000 እስከ 100,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ይቀጣል። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው እሥራትና ከ50,000 ድርሃም የማያንስ መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ይጠብቀዋል፤ ቀይ መብራት ጥሶ ወይም ጠጥቶ ከሆነ እሥራቱ ከአንድ ዓመት፣ መቀጮው ከ100,000 ድርሃም አያንስም። የደም ካሳው ከዚህ የተለየ ነው። የፍርሃት ሽሽት ታዲያ በጥፋት ላይ ወንጀል ይጨምራል እንጂ አያድንም።

ከዚያ 999 ለፖሊስ፣ 998 ለአምቡላንስ መደወል። የወደቀውን ሰው፣ በተለይ አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመው ከሆነ፣ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስገደደ በቀር አለማንሳት፤ ሄልሜቱንም አለማውለቅ። የአደጋ መብራት አብርቶ ከኋላ የሚመጡትን ማስጠንቀቅ። ዓረብኛም እንግሊዝኛም የማይችል ሰው ቢያንስ የሰፈሩን ስምና የመንገዱን ቁጥር መናገር ይችላል፤ በአል ባርሻ ቁጥሩ በየመንገዱ መግቢያ ላይ ባለው ሰሌዳ ተጽፏል። የተጎዳው ብስክሌተኛም ቢሆን «ደህና ነኝ» ብሎ ተነስቶ መሄድ የለበትም፤ ቁስሉ ማታ ሊብስ ይችላል፤ ያለ ፖሊስ ሪፖርት ደግሞ ከኢንሹራንስ ካሳ መጠየቅ ከባድ ነው። መኪናም ያለዚያ ወረቀት በጋራዥ አይጠገንም። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ፖሊስ እስኪመጣ ቦታው ላይ ቆይተው ወረቀታቸውን ይዘው መሄድ አለባቸው።